አዲንዳንና ጂፒኤስ፦ ሶፍትዌሩ የማይናገረው ስሕተት

በአገራችን ለረጅም ዘመን ሲያገለግሉ የቆዩት የ1፡50,000 ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በተሰኘው ዳተም ነው፤ ጂፒኤስ ግን የሚሠራው በደብሊውጂኤስ 84 ነው። ሁለቱ ዳተሞች ምድርን የሚወክሉበት ሞላላ ቅርጽ መጠኑም ማዕከሉም ይለያያል። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ የአንድ ነጥብ የዩቲኤም ቁጥር በሁለቱ ሲጻፍ በምሥራቅ 95፣ በሰሜን ደግሞ 205 ሜትር ገደማ ልዩነት ያሳያል። ቁጥሩ የየትኛው ዳተም እንደሆነ በራሱ አይናገርም።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የይዞታ ወሰኖችን ወደ ፖስትጂአይኤስ ሲያስገባ 20137 መባል የነበረበትን የኢፒኤስጂ መለያ 32637 ብሎ መዘገበ። ሶፍትዌሩ አንዳች አልተቃወመም፤ የሰዎች ግቢ ግን በካርታው ላይ ሌላ ሰፈር ገብቶ ተገኘ።

የስሕተቱ መጠን ምንጩን ይጠቁማል። ወሰኑ ወደ ደቡብ ምዕራብ 225 ሜትር ገደማ ከራቀ መለያው ተሳስቷል። ርቀቱ 150 ገደማ ከሆነ መለያው ትክክል ነው፤ የተዘለለው ከዳተም ወደ ዳተም የሚደረገው ስሌት ነው። (ሁለቱም በተከታታይ ገጥመውኛል።)

ሌየሩን በእጅ ጎትቶ ከሳተላይት ምስሉ ጋር ማገጣጠም ቀላል ይመስላል፤ እጅግ አደገኛው ግን ይኸው ነው። መለያው የአዲንዳን እንደሆነ ስለሚቀር፣ ቀጥሎ የሚመጣው ባለሙያ ትክክለኛውን ስሌት ሲያከናውን ወሰኑ ከእውነተኛ ቦታው አልፎ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይሄዳል።