የሳቲን ቀሚስ ለማሳጠር መቀስ አይቅደም

«ከአነጋገር ይፈረዳል፤ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይባላል። ይህ ተረት ለሸንጎ ተሟጋች ብቻ የተነገረ አይምሰለን፤ የሳቲን ቀሚስ ይዛ መቀስ ለምታነሣ ወጣትም ይሠራል።

ከፒያሳ ወደ መርካቶ የሚወርድ መንገደኛ የሀብተ ጊዮርጊስን ድልድይ ይሻገራል። ድልድዩ የሚጠራው ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የመጀመሪያው የጦር ሚኒስትር በሆኑት፣ በ1919 ዓ.ም. ባረፉት በፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ስም ነው። የሠርግና የምረቃ ወራት በደረሰ ጊዜ፣ ከእኅቷ የተዋሰችውን ቀሚስ በፌስታል ይዛ ወደ መርካቶ ልብስ ሰፊዎች የምትጣደፍ ልጅ አትታጣም። ሰፊው ሥራ በዝቶበት «ለሰኞ ነይ» ያላት እንደሆነ ግን ሠርጉ እሑድ ነውና ሥራው በቤት መሠራቱ ግድ ይሆናል።

እዚህ ላይ ነገሩ የጨርቅ ብቻ አይደለም። እኅት ረዥም፣ ተዋሿ አጭር ብትሆን፣ የታጠፈ ቀሚስ ተፈትቶ ይመለሳል፤ የተቆረጠ ግን ቅያሜ ይዞ ይገባል።

ሳቲን የአሠራር ስም ነው እንጂ የክር ስም አይደለም። ከሐርም፣ ከፖሊስተርም ይሠራል። አብረቅራቂ የሚሆነው አንዱ ክር ቢያንስ በአራት ክሮች ላይ ሳይጠላለፍ ተዘርግቶ ስለሚያልፍ ነው። ውበቱ ከዚህ ይመጣል፤ ደካማነቱም ከዚሁ ነው። የተዘረጋው ክር በሻካራ ጥፍር ይሳባል፤ መርፌ የወጋው ቀዳዳም ብዙ ጊዜ ምልክቱ አይጠፋም።

ስለዚህ አስቀድሞ ቀሚሱ አንድ ሌሊት ተሰቅሎ ይደር፤ ጨርቁ በክብደቱ ወርዶ ትክክለኛ ርዝመቱን ይይዛል። በማግሥቱ ባለቤቲቱ ቀሚሱን፣ በበዓሉ ቀን የምታደርገውንም ጫማ አድርጋ ቀጥ ብላ ትቁም። ሌላ ሰው ከወለሉ ወደ ላይ እየለካ ዙሪያውን ምልክት ያድርግ። ጎንበስ ብላ ራሷ የምትለካ እንደሆነ ቀሚሱ ከፊት ይወርዳል፣ ከኋላ ይሰቀላል፤ ልኩም ይዛባል። ስፒል የሚሰካው ታጥፎ ወደ ውስጥ በሚገባው ጠርዝ ላይ ብቻ ነው።

ቀጥ ብሎ የሚወርድ ቀሚስ ሳይቆረጥ በሰፊው ሊታጠፍ ይችላል። በቀጭንና በአዲስ መርፌ፣ በልኩ ቀጭን በሆነ ክር፣ በእጅ ይዘምዘም፤ መርፌዋም ከውጭ በኩል ካለው ጨርቅ አንድ ወይም ሁለት ክር ብቻ ታንሣ። ክሩ ጠብቆ ከተሳበ ጨርቁ ይጨማደዳል። ገበር ያለው ከሆነ፣ ገበሩ ከላይኛው በ2 ወይም በ3 ሳንቲ ሜትር ያጠረ ይሁን።

ከታች የሚሰፋ ቀሚስ ግን ሌላ ነው። የታችኛው ዙሪያ ከላይኛው ስለሚበልጥ፣ በሰፊው ቢታጠፍ ትርፉ ይሸበሸባል። እንዲህ ያለው የሚያምረው ለእጥፋት 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ተትቶ ሲቆረጥና ያው ጠርዝ ሁለት ጊዜ በቀጭኑ ሲታጠፍ ነው። የውሰት ከሆነ ግን ባይነካ፣ ይልቁንም ከፍ ያለ ጫማ ቢፈለግለት ይሻላል።

በመጨረሻ ካውያው ሙቀቱ ዝቅ ብሎ፣ ከውስጥ በኩል፣ ደረቅ ነጠላ ጨርቅ ተደርጎበት ይተኮስ። አስቀድሞ በማይታይ ቦታ ይሞከር። ውሃ መርጨት አይገባም፤ ጠብታው ምልክት ሊተው ይችላል።

ይህ ሁሉ አንድ ምሽት ቢፈጅ ነው። እሑድ በሠርጉ ላይ የምትደምቀው ልጅ፣ በሳምንቱ ስፌቱን በጥንቃቄ ፈትታ፣ ቀሚሱን ተኩሳ «እግዜር ይስጥልኝ እቴ» ብላ ብትመልስ፣ ለሚመጣው ዓመት ምረቃም አትከለከልም።