የማያመው እግር

በረባሶ የሚሠራው ከመኪና ጎማ ነው፤ ማሰሪያውን ከሶሉ ጋር የሚያያይዘው ምስማር ነው። ጎማው እየሳሳ ሲሄድ ምስማሩ ወደ ውስጥ ብቅ ይላል። ጤነኛ እግር ሁለት እርምጃ ሳይሄድ ያውቀዋል፤ ባለቤቱ ቁጭ ብሎ በድንጋይ ቀጥቅጦ ይመልሰዋል። ስኳር ብዙ ዓመት የቆየበት እግር ግን ላያውቀው ይችላል። ሰውየው ራያ ውስጥ ከሮቢት ተነሥቶ ቆቦ ገበያ ውሎ ይመለሳል፤ ደሙን ቀድሞ የሚያየው ሌላ ሰው ነው።

የስኳር ሕመምተኛ እግር የሚቆረጠው ቁስሉ አልድን ስለሚል ብቻ የሚመስለው ብዙ ሰው አለ። ነገሩ የሚጀምረው ከቁስሉ በፊት ነው። በደም ውስጥ ከልኩ በላይ የከረመ ስኳር ነርቮችን ይጎዳል፤ ቀድመው የሚጎዱት ረጃጅሞቹ ስለሆኑ ጉዳቱ ከእግር ጣቶች ጫፍ ይነሣል። አንዳንዱ ሌሊት ሌሊት እግሬን አቃጠለኝ ይላል፤ ሌላው ጥጥ የምረግጥ ይመስለኛል ይላል። ምንም የማይለውም ብዙ ነው፤ ምንም አልተሰማውማ! ላብ የሚያዝዙት ነርቮችም አብረው ስለሚደክሙ ተረከዙ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። የእግሩ ትንንሽ ጡንቻዎች ሲሰልሉ ጣቶቹ ይቆለመማሉ፤ ክብደቱ ከጣቶቹ ሥር ባለው የውስጥ እግር ላይ ያርፋል። እዚያ ቆዳው ይጠጥራል፤ ከጠጠረው ቆዳ ሥርም ማንም ሳያየው ቁስል ይፈጠራል። የደም ሥሮቹ ደግሞ ከጠበቡ ትንሿ ቁስል ለወራት ሳትድን ትቆያለች።

ሕክምናው ስለ ደነዘዘ እግር ብዙውን የተማረው ከሥጋ ደዌ ነው። ቀዶ ሐኪሙ ፖል ብራንድ ሕንድ አገር ቬሎር ሲሠራ፣ የሕሙማኑ ጣት የሚያልቀው በሽታው ሥጋ ስለሚበላ ሳይሆን ሕመም የማይሰማው እጅና እግር በየቀኑ ስለሚጎዳ መሆኑን አሳየ። ሌሊት አይጥ ጣታቸውን ስትበላ የማይነቁ ሰዎች ስለነበሩ፣ ወደ ቤታቸው ሲሸኙ ድመት ይሰጣቸው ጀመር። አይጥ የነከሰው የስኳር ሕመምተኛ እግር ታንዛንያ ውስጥም በሐኪሞች ተመዝግቧል። ማሽላው ከመኝታው ጎን በሚከመርበት ቤት ይህን እንደ ተረት የሚሰማ ያለ አይመስለኝም።

በእኛም አገር እውቀቱ ቆይቷል። አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ያለው አለርት ሆስፒታል በ1958 ዓ.ም. ሲቋቋም ሥራው ሥጋ ደዌ ነበር፤ ለደነዘዘ እግር የሚሆን ለስላሳ ሶል ያለው ጫማ የሚሠራበት ክፍልም ነበረው። ለወሎ ሰው ቅርብ የሆነው ደሴ አጠገብ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታልም ለዚሁ በሽታ ሕሙማን ሲያገለግል የኖረ ነው። ያ የጫማ ጥበብ ለስኳር ሕመምተኛው በየወረዳው አለመውረዱ ያስቆጫል።

የእግርን ስሜት መለካት ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ሐኪም ቤት የሚጠቀሙበት በ10 ግራም ጫና የሚጎብጥ የናይለን ክር ነው፤ ክሩ እስኪጎብጥ ድረስ ውስጥ እግር ላይ ተጭኖ ሕመምተኛው ተሰማኝ አልተሰማኝም ይላል። ክሩ ከሌለ እንግሊዝ አገር ኢፕስዊች ሆስፒታል ውስጥ የተዘጋጀ፣ ጣት ብቻ የሚፈልግ ፍተሻ አለ። ሕመምተኛው ዐይኑን ይጨፍናል። ሌላ ሰው የሁለቱንም እግሮች አውራ ጣት፣ መካከለኛ ጣትና ትንሿን ጣት ጫፋቸው ላይ በሌባ ጣቱ ለአንድ ሁለት ሰከንድ ለስለስ አድርጎ ይነካል። መጫን፣ ማሸት ወይም መኮርኮር የለም። ከስድስቱ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ካልተሰማው ስሜቱ ቀንሷል ማለት ነው።

ቤታችን ደግሞ ለዚህ የሚሆን ልማድ አለው፤ ማታ የአባትን ወይም የእንግዳን እግር ማጠብ። የሚያጥበው ልጅ ጣቶቹን ፈልቀቅ አድርጎ፣ ተረከዙን ቀና አድርጎ በስልክ ባትሪ ቢያይና «አባባ፣ ይሄ ምንድን ነው?» ቢል፣ የጠፋውን ሕመም የሚተካ እሱ ነው። የውሃውን ሙቀት የሚሞክረው የአጣቢው ክንድ እንጂ የሕመምተኛው እግር አይደለም፤ ተቀቅሎ እንኳ ላይሰማው ይችላልና። መዘፍዘፍም አያስፈልግም፤ ቆዳውን ያላላዋል። ታጥቦ ሲያበቃ በጣቶቹ መካከል ማድረቅ ነው። በቀን አምስት ጊዜ ውዱ የሚያደርግ ሰው በየጊዜው ማድረቅ አለበት። ቅቤ ወይም ቫዝሊን ለተረከዝ ነው፤ በጣቶች መካከል አይገባም። የጠጠረ ቆዳን በምላጭ መላጥማ ቁስሉን በራስ እጅ መክፈት ነው።

የራያ ቆላ ለእንዲህ ዓይነቱ እግር ምሕረት የለውም። ቀትር ላይ ድንጋዩ ይፋጃል፤ በመስጊዱም በቤተ ክርስቲያኑም ደጃፍ ጫማ ይወልቃል። ስለዚህ ነጣ ያለ ካልሲ ማድረግ ይጠቅማል፤ ደም ቢኖርበት ቶሎ ይታያል። ማሽላው ከታጨደ በኋላ የሚቀረው የአገዳ ጉቶ እንደ እሾህ ይወጋል፤ ኮንጎ ጫማም ላብ አፍኖ ይይዛል፣ ጠርዙም ይልጣል። ከተቻለ ሽፍን ጫማ፣ ከእግሩ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም፣ የሚገዛውም እግር አበጥ በሚልበት ከሰዓት በኋላ ቢሆን ይሻላል። ከመልበስ በፊት ማራገፍ፣ እጅ ከትቶ መዳሰስ ያስፈልጋል።

ቁስል ከወጣ ትልቁ መድኃኒት አለመርገጥ ነው። ሐኪሞች እግሩን በጀሶ የሚያስሩትም ለዚሁ ነው። አጨዳ የደረሰበትን ገበሬ «አትርገጥ» ማለት ግን ቀላል አይደለም፤ ምክሩ ለእሱ ብቻ ሳይሆን ለወንድሞቹና ለጎረቤቱም ካልተነገረ በከንቱ ይቀራል። ቁስሉ ከዳነ በኋላም ከ100 ሰው የ40ው ያህል በአንድ ዓመት ውስጥ ተመልሶ ይወጣል።

መቅላት በጠይም ቆዳ ላይ በቅጡ አይታይም። የሁለቱን እግሮች ሙቀት በእጅ ጀርባ ማወዳደር የተሻለ ይነግራል፤ አንዱ ከሌላው ከሞቀ፣ ካበጠ፣ ከሸተተ ወይም ከጠቆረ ባያምም በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ ነው፤ ከበረታ ወደ ቆቦ ወይም ወልዲያ ሆስፒታል ይላካል። እግሩ ደህና የሆነ ሰው በዓመት አንድ ጊዜ ይታያል፤ የደነዘዘበት በየስድስት ወሩ እስከ ዓመት፤ ቀድሞ ቁስል የነበረበት ደግሞ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ። በስኳር ቀጠሮ ደም ተለክቶ፣ መድኃኒት ተጽፎ ጫማ ሳይወልቅ መመለስ የተለመደ ነው። ሐኪሙ ባይጠይቅም ሁለቱንም ጫማና ካልሲ አውልቆ «እግሬንም እዩልኝ» ማለት ይቻላል።