የመጻሕፍትን መዝገብ ለሁሉ ስለ መልቀቅ

የቤተ መጻሕፍት ካታሎግ መጽሐፉ ራሱ ሳይሆን የመጽሐፉ መታወቂያ ነው፤ ይኸውም የደራሲውን ስም፥ አርእስቱን፥ የታተመበትን ቦታና ዘመን፥ የገጹንም ቁጥር የያዘ ነው። ይህ መታወቂያ አንድ ጊዜ በጥንቃቄ ከተጻፈ፥ ሌላው ቤተ መጻሕፍት ስለዚያው መጽሐፍ እንደገና የሚደክምበት ምክንያት የለም። የአሜሪካ ኮንግሬስ ቤተ መጻሕፍት በ1901 ዓ.ም. (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የታተሙ የካታሎግ ካርዶችን ለሌሎች መሸጥ የጀመረው በዚሁ አሳብ ነው። በ1960ዎቹ ዓመታት ሄንሪየት አቭራም የተባሉ የዚያው ቤት ባልደረባ መዝገቡ በኮምፒዩተር የሚነበብበትን፥ ማርክ የተባለውን ሥርዓት አዘጋጁ። በ2012 ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ከ12 ሚሊዮን የሚበልጥ፥ በ2017 ደግሞ የኮንግሬስ ቤተ መጻሕፍት 25 ሚሊዮን ያህል መዝገብ ማንም ወስዶ እንዲሠራበት ያለ ዋጋ ለቀቁ።

ይህ ለኢትዮጵያ ጥናት ምን ይጠቅማል ቢባል፥ የብራና መጻሕፍት ከሁሉ ይልቅ ይመሰክራሉ። በ1973 በተጀመረው ሥራ በየአድባራቱና በየገዳማቱ የሚገኙ በሺሕ የሚቈጠሩ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነሡ። ዊሊያም ማኮምበርና ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ያዘጋጁት ካታሎግ ከ1975 እስከ 1993 በዐሥር ቅጽ ታተመ። ሥራው እጅግ የሚደነቅ ነው፤ ነገር ግን የተጻፈው በእንግሊዝኛ ስለሆነ፥ መጽሐፉን ለፎቶግራፍ ያወጡት ካህናት ብዙዎቹ ስለ ገዛ መጽሐፋቸው የተጻፈውን ማንበብ አይችሉም። እንዲህ ያለው መዝገብ የገድሉን ወይም የድርሳኑን ስም ብቻ አይናገርም። በኅዳጉና በባዶው ቅጠል ላይ የተጻፈውን የርስት ስጦታ፥ የሽያጭ ውል፥ የንዋየ ቅድሳት ዝርዝር ሁሉ ያመለክታል፤ የሕዝብን ልማድ ለሚመረምር ሰው ደግሞ አንዳንድ ጊዜ ከዋናው ድርሰት ይልቅ የሚፈለገው ይህ ነው።

በ2016 በሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረውና በግዕዝ ስም «ቤተ መጻሕፍት» የተባለው ሥራ መዝገቡን ምንጩን ለሚጠቅስና የሠራውንም በዚያው ደንብ ለሌላው ለሚያካፍል ሁሉ በነፃ ሰጥቷል። ስለዚህ አንድ ተማሪ መዝገቡን ወደ አማርኛ ቢመልሰው የሚከለክለው የለም።

ስሕተትም አብሮ እንደሚሠራጭ አይካድም። የውጭ አገር ካታሎግ አዘጋጅ የአባትን ስም የቤተ ሰብ ስም መስሎት ሐዲስ ዓለማየሁን በ«ዓለማየሁ» ሥር ቢያገባቸው፥ ስሕተቱ መዝገቡን በቀዳው ቤት ሁሉ ይገባል። ሆኖም የተቈለፈ መዝገብ ስሕተቱን ከሚያውቀው ሰው ጭምር የተቈለፈ ነው። ከዚህ የሚከብደው የሌባ ነገር ነው፤ መጽሐፉ የትኛው ዕቃ ቤት እንዳለ የሚናገር መዝገብ ለተመራማሪው እንደሚጠቅም ለጥንታዊ ቅርስ ነጋዴም ይጠቅማል። ስለሆነም የመጽሐፉን ይዘት መግለጥና የተቀመጠበትን ስፍራ መግለጥ ሁለት የተለያዩ ውሳኔዎች ናቸው፤ ሁለተኛውን ሊወስን የሚገባውም ካታሎጉን የጻፈው ምሁር ሳይሆን መጽሐፉን የሚጠብቀው ደብር ነው።