ቅጣት ኬላ እንዳይሆን

በሊቦ ከምከም ወረዳ የምትገኘው ይፋግ በ19ኛው ምዕተ ዓመት ከጎንደር ወደ ጎጃም በሚዘልቀው የንግድ መንገድ ላይ ስመ ጥር ገበያና የቀረጥ ኬላ ነበረች። አሞሌና ቡና ጭኖ የሚጓዘው ሲራራ ነጋዴ ኬላው ሲደርስ ቆሞ ጭነቱን ያስቆጥር፣ የተጠየቀውንም ይከፍል ነበር። በዚያ ዘመን በየኬላው የቀረጡ ልክ ብዙውን ጊዜ በጠባቂው ግምት የሚወሰን ስለ ነበር፣ ነጋዴው ምን ያህል እንደሚከፍል አስቀድሞ አያውቅም። የከፈለውም ገንዘብ መንገድ ሳይጠርግለት ወደ ገዥው ግምጃ ቤት ይገባል። አቤት የሚባልበት ዳኛም ያው ቀረጡን የሚበላው ገዥ ነበር።

ይህን የምናስታውሰው ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ በቅሎው ለባጃጅና ለጭነት መኪና ቦታውን ለቋል፤ መንገድ ላይ አቁሞ የሚያስከፍል ባለሥልጣን ግን ዛሬም አለ። ልዩነቱ ያለው፣ ሊኖርም የሚገባው፣ ክፍያው በሕግ የተወሰነና ለሕዝብ ጥቅም የሚውል በመሆኑ ላይ ነው።

ያላግባብ የቆመ ተሽከርካሪ ጉዳይ የባለመኪኖች ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ልብ ሊባል ይገባል። በገበያ ቀን አንድ መኪና የመንገዱን ዳር ሲይዝ፣ ሸክም ያዘለችው እናት ወደ አስፋልቱ መካከል ትገፋለች። በሌላው ወገን ደግሞ የሰው ባጃጅ ተቀጥሮ የሚነዳው ወጣት ታርጋው ሲፈታበት የዕለት እንጀራው አብሮ ይሄዳል። ሁለቱም ሠርቶ አደሮች ናቸው። እንግዲህ ቅራኔው በሕዝብ መካከል ያለ ቅራኔ ስለሆነ፣ በጉልበት ሳይሆን በግልጽ ደንብ የሚፈታ ነው።

በ2003 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208 ጥፋቶችን በየደረጃው ለይቶ ቅጣታቸውን ወስኗል፤ ከዚያም ወዲህ ተሻሽሏል። ይሁን እንጂ ደንብ በወረቀት ላይ መስፈሩ ብቻውን በቂ አይደለም። ወሳኙ ነገር በታች በቀበሌና በከተማ ደረጃ የሚያስፈጽመው ማን ነው? እርሱንስ የሚቆጣጠረው ማን ነው? የሚለው ጥያቄ ነው።

ታሪካችን በዚህ ረገድ መራራ ትምህርት ትቶልናል። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 በየቀበሌው የነዋሪዎች ማኅበርና ፍርድ ሸንጎ አቋቁሞ ነበር። ድሃው ጎረቤቱ በመረጠው ዳኛ ፊት፣ ያለ ጠበቃ ወጪ፣ በገዛ ቋንቋው እንዲናገር መታሰቡ መልካም ነበር። ሆኖም በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ወቅት ቀበሌው ራሱ አሳሪ ሆነ። ከዚህ የምንረዳው ሥልጣን ለሕዝብ ቅርብ መሆኑ ብቻውን ፍትሐዊ እንደማያደርገው ነው። ቅርብ ያለ ሥልጣን የቅርብ ቁጥጥር ካልተደረገበት ቅርብ ያለ ጭቆና ይሆናል።

ጥያቄው የእኛ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣ ሕግ ያላግባብ የቆመ ተሽከርካሪን የመቅጣት ሥራ ከፖሊስ ወደ አካባቢ ምክር ቤቶች እንዲተላለፍ ፈቀደ። የተቀጣው ሰው ይግባኝ የሚለው ግን ከምክር ቤቱ ነፃ ወደ ሆነ ዳኛ ነው። በለንደን የባርኔት ምክር ቤት የነዋሪዎችን የዓመት የማቆሚያ ክፍያ ከ40 ፓውንድ ወደ 100 ፓውንድ ባሳደገ ጊዜ ነዋሪዎች ተቃወሙ። ከፍተኛው ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2013 ይህ ሥልጣን የገቢ ማግኛ እንዲሆን አልተሰጠም ሲል ጭማሪውን ሕገ ወጥ ብሎ ወሰነ። ሀብታሙ ምክር ቤት እንኳ ዳኛ ካልቆመበት ወደ ኬላነት ማዘንበሉ አልቀረም።

የእኛም ሕገ መንግሥት መሠረቱን አስቀምጧል። አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን፣ አንቀጽ 37 ማንኛውም ሰው ጉዳዩን ለፍርድ የማቅረብ መብት እንዲኖረው፣ አንቀጽ 50 ደግሞ ሕዝቡ በዝቅተኛው እርከን በቀጥታ እንዲሳተፍ ያዝዛሉ። እንግዲህ የቀበሌው ነዋሪና ሠራተኛው የሚጠይቁት ምሕረት ሳይሆን መብት ነው።

ይህም በተግባር ሲተረጎም፦ ከቅጣቱ በፊት ምልክቱ ይተከል፤ ለባጃጁና ለጋሪው የሚቆሙበት ቦታ ሳይሰጥ በመቆማቸው አይቀጡ። የቅጣቱ ልክ በገበያው መግቢያ በጉልህ ይለጠፍ። ያለ ካርኒ አንድ ሳንቲም አይከፈል። ቀጪው ከቅጣቱ ድርሻ አይቁረጥ፤ ይግባኙንም ሌላ ሰው ይስማ። የተሰበሰበው ገንዘብና የዋለበት ሥራ በየጊዜው ለነዋሪው ስብሰባ ይገለጽ።

ሾፌሩም የራሱ ግዴታ አለበት፤ እግረኛውን ከመንገድ ያፈናቀለ በኬላ ታሪክ ሊያመካኝ አይችልም። ካርኒ ጠይቆ የሚከፍል ዜጋና ካርኒ ቆርጦ የሚቀጣ አስከባሪ በተገናኙበት ቦታ ግን ሕግ አለ። ካርኒው በሌለበት ያለው ያው የጥንቱ ኬላ ነው።