የኤሮስፔስ መግቢያ ኮርስ ለተማሪው ምን ይሰጠዋል?



የኤሮስፔስ መግቢያ ኮርስ የሚወስድ ተማሪ ወደ ክፍል የሚገባው ሮኬትና ሳተላይት እያሰበ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት የሚያሳልፈው ግን የአየርን እፍጋት፣ ግፊትና ሙቀት ሲያሰላ ነው። ብዙዎች ቅር ይላቸዋል፤ «ይህንማ በፊዚክስ ተምረነዋል» የሚሉም አይጠፉም።

ቅሬታቸውን የማስታግሰው በቦሌ ነው። በባሕር ወለል ላይ የአንድ ሜትር ኩብ አየር ክብደት 1.225 ኪሎ ግራም ነው፤ መማሪያ መጻሕፍቱም ምሳሌዎቻቸውን የሚሠሩት ባብዛኛው በዚህ ቁጥር ነው። ከ2300 ሜትር በላይ በሚገኘው በቦሌ ግን መደበኛው ስሌት 0.97 ገደማ ይሰጣል። ስለዚህ ያው አውሮፕላን ያንኑ ክብደት ይዞ ለመነሣት 12 በመቶ ያህል መፍጠን ይኖርበታል፤ ሞተሩም በሳሳ አየር ይደክማል፤ መንደርደሪያውም ይረዝማል።

ቀጥሎ የሚመጣው ነባሩን እውቀት ማፍረስ ነው። አውሮፕላን ለምን ይነሣል ብዬ ስጠይቅ የማገኘው የተለመደ መልስ፣ በጎበጠው የክንፉ ገጽ ላይ የሚያልፈው አየር ረጅም መንገድ ስላለው ከታችኛው ጋር እኩል ለመድረስ ይፈጥናል የሚል ነው። እኩል እንዲደርስ የሚያስገድደው ሕግ ግን የለም። እንዲያውም የላይኛው ቀድሞ ያልፋል። አውሮፕላንም ተገልብጦ ሊበር ይችላል፤ ያ ማብራሪያ ይህን ሊያስረዳ አይችልም። ይልቅ መመልከት የሚገባን ክንፉ ከፊቱ ከሚመጣው አየር ጋር የሚሠራውን ማዕዘን፣ በሙያው አጠራር አንግል ኦፍ አታክ የሚባለውን ነው። ማዕዘኑ ሲጨምር የማንሳት ኃይሉ ይጨምራል፤ ለተለመደ ክንፍ 15 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ግን አየሩ ከላይኛው ገጽ ይላቀቅና ኃይሉ ይቀንሳል። ይህም ስቶል ይባላል።

ይህን ማዕዘን ሳስተምር መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ ወደ ናይሮቢ ሲያመራ ቢሾፍቱ አቅራቢያ የወደቀውን፣ 157 ሰዎች ያለቁበትን የበረራ 302 አደጋ አነሣለሁ። ሐዘን የመማሪያ ምሳሌ መሆን የለበትም የሚሉ ባልደረቦች አሉ፤ አልስማማም፤ ነገር ግን በክፍሉ ውስጥ ዘመዱን ያጣ ሊኖር ስለሚችል አስቀድሜ አሳውቃለሁ። ቅድመ ምርመራ ሪፖርቱ እንደሚያሳየው የግራው ሴንሰር በአንድ ሰከንድ ባልሞላ ጊዜ ከ35.7 ወደ 74.5 ዲግሪ ሲዘልል፣ የቀኙ ከፍተኛ ንባብ 15.3 ነበር። ኤምካስ የተባለው ሥርዓት የአንዱን ሴንሰር ብቻ አምኖ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች ገፋ።

ሁለቱን ቁጥሮች ሰሌዳው ላይ ጽፌ ዝም እላለሁ። ጥቂት ቆይቶ ከኋላ ወንበር አንዱ፣ «74 ላይ ቢሆን ክንፉ ቀድሞ ስቶል በገባ ነበር» ይላል። ሌላዋ ደግሞ ያን ያህል ከባድ አካል በዚያች ቅጽበት ይህን ያህል ሊዞር እንደማይችል ታሰላለች። በሴሚስተሩ መጀመሪያ አየር ምን ያደርግልናል ይሉ የነበሩ ተማሪዎች ናቸው። ቀጥሎም ሁሌ የሚመጣው ጥያቄ ይመጣል፦ ሁለት ሴንሰር እያለ ለምን አንዱ ብቻ ተደመጠ? ይህን ለመመለስ የቁጥጥር ሥርዓትና የደኅንነት ምዘና ኮርሶች ያስፈልጋሉ፤ እነርሱም የሚሰጡት በከፍተኛ ዓመታት ነው።