ከሣቁ በስተጀርባ

የማርክስ ወንድማማቾች የተባሉት አሜሪካውያን ቀልደኞች በኒው ዮርክ ከአንድ ልብስ ሰፊ ቤት የተወለዱ ነበሩ። ወደ ትያትር የመራቻቸውና ሥራቸውን ታስተዳድር የነበረችው እናታቸው ሚኒ ናት። ከእነርሱ መካከል ሃርፖ በመድረክ ላይ ዲዳ መስሎ ይጫወት እንጂ ከመድረክ ውጭ እንደ ማንኛውም ሰው ይናገር ነበር። ታላቃቸው ቺኮ ግን ቁማር ስለ ለመደ፣ ያገኘው ገንዘብ ሁሉ ከእጁ ይጠፋ ነበር። በ1946 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) «አንድ ሌሊት በካዛብላንካ» የተባለውን ፊልም ለመሥራት የተሰባሰቡበት አንዱ ምክንያት እርሱን ከዕዳ ለማውጣት ነበር። ተመልካቹ ሲሥቅ፣ ወንድሞቹ ሸክሙን ተሸከሙ። ገንዘቡንም ራሳቸው ይዘው ለኑሮው የሚበቃውን ይሰጡት ነበር። እንግዲህ ወንድምን መውደድ ዕዳውን መክፈል ብቻ አይደለም፤ ዕዳውን ከሚወልደው ልማድ መጠበቅም ነው።