የኤፍ ኤም ጣቢያ እስከ የት ይሰማል?

አዲስ አበባ ውስጥ ራዲዮ የሚከፍት ሰው ኤፍ ኤም አዲስ 97.1ን፣ ፋና 98.1ን እና ሸገር 102.1ን ያገኛል። ቁጥሩ ሞገዱ በሰከንድ ስንት ሚሊዮን ጊዜ እንደሚርገበገብ ይናገራል እንጂ፣ ብዙዎች እንደሚመስላቸው የጣቢያውን ጉልበት አያሳይም።

የማሰራጫው ኃይል ድርሻ ቢኖረውም ርቀቱን ይበልጥ የሚወስነው የአንቴናው ከፍታ ነው። የኤፍ ኤም ሞገድ እንደ አጭር ሞገድ ከላይኛው ከባቢ አየር ነጥሮ አይመለስም፤ በቀጥታ ይጓዝና የምድር ክብነት ሲጋርደው ይደክማል። ሜዳ ላይ የአንቴናው ከፍታ በሜትር ተለክቶ ስኩዌር ሩቱ በ4.1 ሲባዛ፣ ሞገዱ የሚደርስበት ርቀት በኪሎ ሜትር በግምት ይገኛል። ባለ 100 ሜትሩ 41፣ ባለ 400 ሜትሩ ደግሞ 82 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። አራት እጥፍ ከፍታ ሁለት እጥፍ ርቀት ብቻ! ለዚህም ነው ጣቢያዎች ረጅም ብረት ከማቆም ይልቅ ተራራ የሚመርጡት።

ተራራ ግን ይጋርዳልም። ሱሉልታ የአዲስ አበባ የቅርብ ጎረቤት ናት፤ ሆኖም ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለው እንጦጦ በመካከል ስለቆመ፣ መሀል ከተማ ከተተከለ አንቴና የሚነሳው ሞገድ ተዳክሞ ሊደርሳት ይችላል።

ሁለት ጣቢያዎች በአንድ ፍሪኩዌንሲ ሲገናኙ ደግሞ መቀበያው የበረታውን ይዞ የደከመውን ይጥለዋል።